ራስ መር ትምህርትና የኪራይ ቤት ተማሪ፦ ከደባርቅና ከዳባት አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንጻር

«ራስ መር ትምህርት» የሚለው ሐረግ በትምህርት ክፍላችን እንግዳ አይደለም። በየኮርሱ ይነሳል፣ ፈተና ላይም ይመጣል፤ ትርጉሙን ጽፈን ነጥባችንን ይዘን እንወጣለን። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ነገ ተመድበን የምናስተምረው እንደ ደባርቅና ዳባት ባሉ ከተሞች፣ አልፎም በሰሜን ተራሮች ግርጌ በሚገኙ ትምህርት ቤቶች ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ጉዳዩን ከዚያ አካባቢ አንጻር ማንሳት ፈለግሁ። አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን ራሳቸው እንዲመሩ ለማድረግ ሲነሳ ከየት ይጀምር? በእኔ አመለካከት መነሻው ተማሪው የተከራያት ጠባብ ቤት መሆን አለባት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ላስረዳ።

የተማሪው ኑሮ

ዳባት ከጎንደር ወደ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ደባርቅ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ወደ አክሱም በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛሉ። ደባርቅን የውጭ ሰው የሚያውቃት በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ምክንያት ነው። ከከተማዋ አለፍ ሲል መንገዱ በሊማሊሞ ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ ይወርዳል። የገጠሩ ልጅ 8ኛ ክፍልን በሰፈሩ ወይም በአጎራባች ቀበሌ ይጨርሳል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ግን ያለው በአብዛኛው ከተማ ውስጥ ስለሆነ፣ ልጁ በ15 ዓመቱ ገደማ ስንቁን ተሸክሞ ከተማ ይገባና ቤት ይከራያል።

እኔም በዚሁ መንገድ ያለፍኩ ነኝ። 9ኛ ክፍል የገባሁት በ2011 ዓ.ም. ሲሆን ከሁለት ልጆች ጋር ደባል ሆነን አንድ ክፍል ተከራየን። አልጋ የለም፤ መደብ ላይ አጎዛ ዘርግተን ሦስታችን በሁለት ጋቢ እንተኛለን። የደጋው ብርድ ደግሞ ይታወቃል። ከቤት የሚመጣው ስንቅ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ነው። እንጀራው በሦስት በአራት ቀን ስለሚሻግት ሳምንቱን የሚያደርሰን ድርቆሹ ነበር። አርብ ከሰዓት ወደ አገር ቤት እንሄዳለን፣ እሁድ በቋጠሮ እንመለሳለን። የአንዱ ቤተሰብ ስንቅ ካጠረ ከሌሎቹ ተበድሮ በሚቀጥለው ሳምንት ይተካል። ሂሳቡ የሚያዘው በደብተር ጀርባ ነው። ወጥ የመሥራት፣ ውሃ የመቅዳት፣ ቤት የመጥረግ ተራ ነበረን። ተራውን ያሳለፈ ሰው ኩራዙን ቀድሞ የመያዝ መብቱን ያጣል፤ ሕጉን ያወጣነው እኛው ነን። መብራትማ ነበረ፤ ነገር ግን አከራያችን ሦስት ሰዓት ሲሆን «ልጆቼ፣ አጥፉት እንግዲህ፣ ቆጣሪው ይሮጣል!» ይላሉ።

ይህን የምተርከው ለማሳዘን አይደለም። እነዚህ ልጆች በጀት ያወጣሉ፣ ጊዜ ይከፋፍላሉ፣ ውል ይዋዋላሉ፣ ሲጣሉ ራሳቸው ይታረቃሉ። በተለይ አንድ ነገር ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል። ከሦስታችን የባዮሎጂ መጽሐፍ የነበረው አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ስለዚህ ወጥ የሚሠራው ሽንኩርት እየከተፈ ሌላው ጮክ ብሎ ያነብለታል፤ ከዚያ ይጠይቀዋል። ሦስተኛው ደግሞ መልሱ ልክ መሆኑን ከደብተር ያያል። ሽሮው ብዙ ጊዜ አሯል። የሴል ክፍሎችን እስከ ዛሬ የማልረሳው ግን ከዚያ ምድጃ ዳር ነው።

ምሁራኑ ምን ይላሉ?

አሜሪካዊው ማልኮም ኖውልስ እ.ኤ.አ. በ1975 በዚሁ ርዕስ ባሳተመው መጽሐፍ ራስ መር ትምህርትን ሲያብራራ፣ ተማሪው በሌሎች እገዛም ሆነ ያለ እገዛ የሚጎድለውን ራሱ ለይቶ፣ ግብ አስቀምጦ፣ መማሪያውንና ዘዴውን መርጦ፣ በመጨረሻም ውጤቱን ራሱ የሚመዝንበት ሂደት ነው ይላል። እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት «በሌሎች እገዛም ሆነ» የምትለው ናት። ራስ መር ማለት ብቻውን የተተወ ማለት አይደለም። ሌላው ነጥብ ኖውልስ በዋናነት ያተኮረው በጎልማሶች ትምህርት ላይ መሆኑ ነው። የኛ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ በኑሮው ጎልማሳ፣ በክፍል ውስጥ ሕፃን ነው። ማታ የሦስት ሰው ቀለብ ያስተዳደረ ልጅ ጠዋት ክፍል ሲገባ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ከመገልበጥ በቀር አንድም ነገር እንዲወስን አይጠየቅም። ለእኔ የችግሩ ሥር ይህ ነው።

በወረቀት ደረጃ ስናይ አገራችን ይህን ሐሳብ የተቀበለችው ቆየት ብላ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር ፈቺ ዜጋ ማፍራትን ዓላማው አድርጓል፤ ከዚያ በኋላም «ተማሪ ተኮር»፣ «አሳታፊ» የሚሉት ቃላት ከየሥልጠናው አልጠፉም። አፈጻጸሙ ግን አንዳንዴ ተቃራኒውን ሆኖ ተገኘ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተተከለውን ፕላዝማ እንውሰድ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይሰራጭ ነበር። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ክፍል የሚወስደው ስክሪኑ ሲሆን፣ መምህሩ መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይተርፈዋል። ስክሪኑ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ ከዚያ ራሱ መልሶ ይሄዳል። ታላላቆቻችን ሲያወሩት ይስቃሉ፦ «ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱ መጣ!» ምስሉና ቤተ ሙከራው ጠቃሚ አልነበረም አልልም። ነገር ግን ፍጥነቱን የሚወስነው ተማሪውም መምህሩም ካልሆኑ፣ እዚያ ራስ መር የሚባል ነገር የለም።

ቀጥሎ የመጣው «አንድ ለአምስት» ነው። ሐሳቡ አይከፋም፤ አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ጓደኞቹን ይዞ ያጠናል። እኛ ጋ ሲደርስ ግን የስም ዝርዝርና የሪፖርት ሥራ ሆነ። የቡድን ሥራ ሲሰጥ ጎበዙ ይሠራል፣ አምስቱ ስማቸውን ያጽፋሉ፣ ነጥቡ ለስድስቱም እኩል ይመዘገባል። በኪራይ ቤታችን ግን ሳይሠራ የሚበላ ደባል አልነበረም፤ እንዲያ ያለውን ልጅ ማንም አያስጠጋውም። ልዩነቱ ግልጽ ይመስለኛል። የቤቱ ቡድን ኑሮ ያሰባሰበው ሲሆን የክፍሉ ቡድን የተሰባሰበው በስም መጥሪያ ነው።

ከኖውልስም ከፕላዝማም በፊት በአካባቢያችን የነበረ ሌላ ልምድም አለ። የቆሎ ተማሪ አገሩን ጥሎ መምህር ፍለጋ ይሄዳል፣ ጎጆውን ራሱ ይሠራል፣ ለምኖ ይበላል፤ መምህሩንም የሚመርጠው ራሱ ነው። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፣ መምህሩ ደግሞ በመጨረሻ ይሰማል፣ ያርማል። እርግጥ ነው፣ በቃል መያዝ ይበዛበታል፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። ነገር ግን ሦስቱ ነገሮች፣ ማለትም የተማሪው ምርጫ፣ የጓደኛ ማስቀጸል፣ የመምህር እርማት፣ አንድ ላይ የሚገኙበት ሥርዓት ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከዚህ የወረሰው ሽምደዳውን ብቻ መሆኑ ይገርመኛል።

«ቤት ሄዳችሁ አንብቡ»

እስካሁን የኪራይ ቤትን ሳመሰግን ቆየሁ። አሁን ወደ ሌላው ገጹ ልምጣ፤ ምክንያቱም የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ያለው እዚህ ነው።

ከእኛ ቀጥሎ ባለው ክፍል አንዲት ልጅ ከሁለት ወንድሞቿ ጋር ተከራይታ ትኖር ነበር። ሦስቱም ተማሪዎች ናቸው። እኛ ሦስት ወንዶች ስለነበርን ተራ አወጣን። እዚያ ቤት ግን ተራ የሚባል አልነበረም። ምግብ የምትሠራው፣ ልብስ የምታጥበው፣ ውሃ የምትቀዳው እሷ ናት። መምህሩ «ምዕራፍ ሦስትን ቤት ሄዳችሁ ራሳችሁ አንብቡ» ሲል ለእኛ ሁለት ሰዓት ሰጠን ማለት ነው። ለእሷ ምንም አልሰጣትም። 9ኛ ክፍል እያለን በሒሳብ ከእኛ ትበልጥ ነበር፤ 11ኛ ክፍል ላይ አቋረጠች። ያስቆማት ይህ ብቻ ነው ብዬ አልደመድምም። ሆኖም ትምህርቱ ወደ ቤት በተገፋ ቁጥር ከማን ጫንቃ ላይ እንደሚያርፍ ከዚያ ግድግዳ ማዶ በየማታው ይሰማኝ ነበር።

ስለዚህ ራስ መር ትምህርት «የቤት ሥራ ማብዛት» ተብሎ ከተተረጎመ፣ ጊዜ ያለውን ይበልጥ የሚጠቅም፣ ጊዜ የሌላትን የሚያስቀር ነገር ይሆናል። መደረግ ያለበት በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ በትምህርት ቤቱ ሰዓት ነው። በፈረቃ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች እንኳ ተማሪው ግማሽ ቀን ነፃ ነው። ግማሹን ቀን ቤተ መጻሕፍቱ ወይም አንድ ትርፍ ክፍል ተከፍቶ፣ ወንበርና መብራት ኖሮት፣ አንድ መምህር በተራ ቢቀመጥበት፣ ለሴቶቹ ልጆች ከወጥ ቤት የሚያስወጣ በቂ ምክንያት ይሆናል። «ትምህርት ቤት እፈለጋለሁ» ስትል ወንድምም አባትም አይከራከሯትም። «ላንብብ» ስትል ግን «መጀመሪያ እንጀራውን ጋግሪ» ይባላል።

ሌላው እንቅፋት ቋንቋው ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። እስከ 8ኛ በአማርኛ የቆየ የገጠር ልጅ መጽሐፉን ብቻውን ይዞ ሲቀመጥ አንዱን ገጽ ለመጨረስ ማታው ያልቃል። ይህ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ በደንብ ታየ። ሁላችንም ስንቃችንን ጠቅልለን አገር ቤት ገባን። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ይሰጣል ተባለ፤ እኛ ሰፈር መብራት አልነበረም። መጽሐፍ ይዘን ከብት ጠበቅን። ያነበቡት ጥቂቶቹ በአቅራቢያቸው የሚጠይቁት ታላቅ ወንድም ወይም መምህር የነበራቸው ናቸው። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ማብቂያ ላይ ደግሞ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ መጣ። ስለዚያ ጊዜ እዚህ ብዙ አልልም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የተነሳው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል። እንግዲህ ትምህርት ቤት በማንኛውም ቀን ሊዘጋ በሚችልበት አካባቢ፣ ልጁ ያለ ደወል መማርን ቀድሞ ቢለማመድ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

የ12ኛ ክፍል ፈተናም ይህንኑ ነገር ከሌላ በኩል ያሳያል። ለ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች፣ ለእኛ ማለት ነው፣ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ። በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሁሉንም ለተማሪው ማሸከም አግባብ አይደለም። ግን በግሌ የታዘብኩት አለ። ብዙዎቻችን ምን እንደማናውቅ የተረዳነው ውጤቱን ያየን ቀን ነው። 12 ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ሲመዝነን ስለኖርን ራሳችንን መመዘን አልተማርንም ነበር።

ለልምምድ ለምትወጡ

ባለፈው ዓመት ለልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት አንድ ነገር ሞክሬ ነበር፤ በምርምር የተረጋገጠ ሳይሆን ልምድ ነው። በየሳምንቱ መጀመሪያ እያንዳንዱ ተማሪ በደብተሩ ጀርባ በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ ሦስት ነገር ይጽፋል፦ ካለፈው ትምህርት ያልገባኝ ምንድን ነው? ማንን ወይም የቱን መጽሐፍ እጠይቃለሁ? እንደገባኝ በምን አውቃለሁ? መጀመሪያ ላይ የጻፉት ሁሉ «ሁሉም ገብቶኛል» የሚል ነበር። መምህር እንዲያ ብሎ የጠየቃቸው ስለሌለ ወጥመድ መሰላቸው። ነጥብ እንደማልይዝበት ሲያዩ በሦስተኛው ሳምንት እውነቱ መምጣት ጀመረ። አንዱ «ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ክፍልፋይ አይገባኝም» ብሎ ጻፈ። አስቡት፣ 10ኛ ክፍል ነው! ከዚያ በአንድ ዓይነት ነገር የተቸገሩትን አንድ ላይ አስቀምጬ የገባቸው እንዲያስቀጽሏቸው አደረግሁ፤ እኔ እየዞርኩ አረምኩ። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይፈጃል። የትምህርቱን ዕቅድ ወደ ኋላ ስለሚያስቀር ከመደበኛው መምህር ጋር ተከራክረናል፤ ክርክሩም ትክክል ነበር፣ ምክንያቱም መጽሐፉን መጨረስ አለብህ ተብሎ የሚጠየቀው እሱ ነው።

መጽሐፍን በተመለከተ፣ ዛሬ ብዙ ተማሪ የአዲሱን ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በስልክ በቴሌግራም ያወርዳል። ስልክ ያለው አንዱ ደባል ከሆነ ሦስቱም ያነባሉ። ስለዚህ ቡድን ስትመሠርቱ በስም መጥሪያ አትሂዱ። ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ የማን ቤት መብራት እንዳለው፣ ስልክ ያለው ማን እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ። ቤታቸውም ድረስ ሂዱ፤ ተማሪው ያፍራል፣ መቀመጫ የለኝም ይላል፣ በሶ በጥብጦ ያቀርባል። ጠጡለት። ከዚያ ወጥ የሚሠራው ማን እንደሆነ ተመልከቱ፤ ሁልጊዜ አንዷ ከሆነች ለሷ የሚሆነው የጥናት ሰዓት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ እንዲመቻች ከክፍል ኃላፊዋ መምህር ጋር ተነጋገሩ።