ኤሌክትሪክና የገበያ ውድድር

የመንግሥት ኤሌክትሪክ ድርጅት ወደ ገበያ ይግባ በተባለ ቁጥር ብዙዎቻችን «ይሸጥ»፥ «አይሸጥ» በማለት ክርክር እንጀምራለን። ነገር ግን መሸጥና መወዳደር ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ለመረዳት የእንግሊዝን አገር ምሳሌ መመልከት ይጠቅማል። በምሳሌው ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝና በዌልስ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውና በትልልቅ መስመር የሚያስተላልፈው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። በ1989 በወጣው ሕግ መሠረት ይህ መሥሪያ ቤት በ1990 በአራት ተከፈለ። ናሽናል ፓወር፥ ፓወርጄንና ኑክሌር ኤሌክትሪክ አመንጪዎች ሆኑ፤ አራተኛው ኩባንያ ማስተላለፊያውን መስመር ያዘ። ለየቤቱ የሚያከፋፍሉት ኩባንያዎች 12 ነበሩ። የናሽናል ፓወርና የፓወርጄን አክሲዮን ከ1991 ጀምሮ ለሕዝብ ሲሸጥ፥ የኑክሌሩ ድርጅት ለጊዜው በመንግሥት እጅ ቀረ።

መስመሩ ለምን ተለየ? በአንድ አቅጣጫ ሁለት ሦስት መስመር ጎን ለጎን መዘርጋት ገንዘብ ማባከን ነው። ስለዚህ መስመሩ እንደ መንገድ አንድ ብቻ ይሆናል፤ ውድድሩም በመንገዱ በሚጠቀሙት ነጋዴዎች መካከል ነው። የመንገዱ ባለቤት ራሱ ነጋዴ ከሆነ ግን የሌላውን ጭነት ለማሰናከል ይፈተናል።

የገበያው አሠራር እንደሚከተለው ነበር። አመንጪዎች ለማግሥቱ ኃይል የሚሰጡበትን ዋጋ ያስታውቃሉ። ከርካሹ ተጀምሮ፥ የሚፈለገው መጠን እስኪሞላ ድረስ ይወሰዳል። በየግማሽ ሰዓቱም የመጨረሻው ተመራጭ ያቀረበው ዋጋ ለሁሉም መሠረት ይሆናል። በጤፍ ገበያ ቢሆን፥ በርካሽ ያቀረበው ነጋዴ ሁሉ የውዱን ነጋዴ ዋጋ አገኘ ማለት ነው። ይህ ሞኝነት ሊመስል ይችላል። ሆኖም ሻጩ ብዙ ከሆነ፥ ዋጋ የሚያንረው ሳይሸጥ ስለሚውል እያንዳንዱ ለእውነተኛ ወጪው የቀረበ ዋጋ ለመናገር ይገደዳል።

ችግሩ ሻጩ ብዙ አለመሆኑ ነው። የኑክሌር ማመንጫ በቀላሉ የሚጠፋና የሚነሣ ስላልሆነ ሌት ተቀን ይሠራል። ስለዚህ በአብዛኛው ሰዓት የመጨረሻውን ዋጋ የሚቆርጡት ሁለቱ ታላላቅ ኩባንያዎች ሆኑ። ሁለት ሻጮች ደግሞ ሳይነጋገሩም ሊግባቡ ይችላሉ።

በመጨረሻ የመንግሥቱ ተቆጣጣሪ ስቴፈን ሊትልቻይልድ በ1994 ጣልቃ ገቡ። ለሁለት ዓመት የዋጋ ጣሪያ ተወሰነ፤ ሁለቱ ኩባንያዎችም 6000 ሜጋዋት ያህል ማመንጫ ለሌሎች እንዲያስተላልፉ ተደረገ። ተራው የቤት ደንበኛ ሻጩን ለመምረጥ የቻለው በ1998 እና በ1999 ነው። የመጀመሪያው የገበያ ሥርዓትም በ2001 በሌላ ተተካ።

በአገራችንም በ2006 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በሁለት ተከፍሏል። አንዱ ያመነጫል፥ ያስተላልፋል፤ ሁለተኛው ያከፋፍላል፥ ይሸጣል። ሁለቱም የመንግሥት ሆነው ስለ ተቋቋሙና ሥራቸው የተለያየ ስለ ሆነ፥ ይህ የሥራ ክፍያ እንጂ ውድድር አይደለም።

እንግዲህ ወደፊት ይህ ክርክር ሲነሣ «ይሸጥ ወይስ አይሸጥ» ከማለታችን በፊት ሦስት ጥያቄ እናስቀድም። ሻጮቹ ስንት ናቸው? መስመሩ በማን እጅ ነው? ዳኛውስ ማነው፤ ኃይሉስ እስከ ምን ድረስ ነው? ለእነዚህ መልስ ሳይዝ የተሸጠ ድርጅት ባለቤቱ ይለወጣል እንጂ፥ ለደንበኛው ያው አንድ ሻጭ ሆኖ ይቀራል።