ኢየሩሳሌም የቀሩ አያትዎን ፍለጋ ከመነሳትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በብዙ ቤተሰብ ውስጥ «እሳቸውማ ኢየሩሳሌም ሄደው እዚያው ቀሩ» የሚባል አንድ ሰው አይጠፋም። የት እንደተቀበሩ የሚያውቅ የለም። አሁን የልጅ ልጅ ገንዘብ ቋጥሮ «ኢየሩሳሌም ደብረ ገነት ገዳም ሄጄ ብጠይቅስ?» ማለት ጀምሯል። መሄዱ መልካም ነው። ነገር ግን እዚያ የሚያገኙት መልስ ከዚህ ይዘውት በሚሄዱት ጥያቄ ልክ ነውና፣ ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት እዚሁ ቤትዎ የሚጨርሱት ሥራ አለ።

መጀመሪያ ምን ሆነው እንደሄዱ ይለዩ። ለትንሣኤ የሄደ ተሳላሚ ስሙ የትም ላይጻፍ ይችላል። መንኩሶ የኖረ የገዳሙ ሰው ነው፤ ፍለጋውም በገዳሙ በኩል ይሄዳል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተሰደዱ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጥተው፣ ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ሐይፋ ደርሰው ኢየሩሳሌም ገቡ። እሳቸው ወደ እንግሊዝ አገር ሲያልፉ ከተሰደዱት ብዙዎች በኢየሩሳሌም ቆዩ፤ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት መኮንን እንዳልካቸው የስደት ዘመናቸውን ያሳለፉት እዚያ ነው። የመኳንንቱን ስም ታሪክ ይዞታል። የአሽከሩን፣ የሞግዚቷንና የወጥ ቤቷን ስም ለመጻፍ የተጨነቀ ግን አልነበረም። ስለዚህ አያትዎ ከማን ቤት ጋር እንደተሰደዱ ካወቁ ፍለጋውን በጌታቸው ወይም በእመቤታቸው ስም ይጀምሩት፤ በራሳቸው ስም መጀመር ብዙውን ጊዜ ባዶ እጅ ያስቀራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፦ በወረቀት ላይ የማን ተገዥ ነበሩ? ኢየሩሳሌም እስከ 1917 እ.ኤ.አ. በኦቶማን ቱርክ እጅ ነበረች፤ ከዚያ እስከ 1948 እንግሊዞች ገዟት። ኤርትራ ደግሞ ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢጣሊያ ቅኝ ግዛት ስለነበረች ከሐማሴን ወይም ከአካለ ጉዛይ የሄደ መነኩሴ በመዝገብ ላይ የኢጣሊያ ተገዥ ተብሎ ሊገኝ ይችላል። የሚያሳዝነው፣ እንግሊዝ በ1938 እ.ኤ.አ. የኢጣሊያን የኢትዮጵያ ገዥነት በይፋ ካወቀች በኋላ ከጣሊያን የሸሸው ስደተኛም በሕግ ፊት ዜግነቱ አጠያያቂ ሆነ። ክርክሩ በንብረት ላይም ደርሶ በ1940 እ.ኤ.አ. የኢጣሊያ መንግሥትና አዛዥ ከበደ ተሰማ የተባሉ ኢትዮጵያዊ በፍልስጥኤም ፍርድ ቤት ተሟግተዋል። እንዲህ ያለ ሙግት ለቤተሰብ ፈላጊ ጥሩ ዕድል ነው፤ ምስክርና ባለጉዳይ በስም የሚጠራው ፍርድ ቤት ነውና። ሲፈልጉ እንግዲህ «ኢትዮጵያዊ» በሚለው ብቻ ሳይወሰኑ «አቢሲኒያዊ»ንም «የኢጣሊያ ተገዥ»ንም ይሞክሩ።

ስሙን በተመለከተ አንድ ስም ይዘው አይሂዱ። የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ መንኩሰው ከሆነ የምንኩስና ስም፣ የአባትና የአያት ስም ሁሉም ያስፈልጋሉ። ዓለም «እማማ ደስታ» ሲላቸው የኖሩ ሴት በገዳም ወረቀት ላይ «ወለተ ማርያም» ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ወለተ ማርያም ደግሞ ስንት አለች! «አባ» የሚለውም ያሳስታል፤ የመነኩሴ ማዕረግ ይሁን የፈረስ ስም ከአገባቡ ይለዩት። የባዕድ አጻጻፍም አለ፦ ኢጣሊያኖች «ከበደ»ን በሚጽፉበት ፊደል እንግሊዝኛ የለመደ ሰው «ቸበደ» ብሎ ያነበዋል።

ዓመተ ምሕረቱንም ይጠንቀቁ። አንድ ደብዳቤ ላይ «1928» ቢያገኙ ጸሐፊው ሐበሻ ከሆነ የወረራው ዘመን ነው፤ እንግሊዝ ከሆነ ግን ዘውዲቱ ገና በዙፋን ላይ ናቸው።

ይህን ሁሉ የሚነግርዎ ወረቀት ሳይሆን ሽማግሌ ነው። ለጋብቻ ሲባል እስከ ሰባት ቤት የመቁጠር ልማዳችን የትውልድ ሐረግን በቃል አቆይቶልናል፤ የሚቆጥሩት አክስቶች ግን በየዓመቱ እያለቁ ነው። እኔ ብሆን የቲኬቱን ገንዘብ መጀመሪያ ወደ ጎጃም ወይም ወደ መንዝ አውቶቡስ አውለዋለሁ። ከዚያ አዲስ አበባ ላይ ወመዘክርን (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን) እና በዩኒቨርሲቲው ያለውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ማየት ነው። የእንግሊዝ ዘመን የመንግሥት መዝገቦችን በኢየሩሳሌም ካለው የእስራኤል መንግሥት ቤተ መዛግብት፣ የውጭ ጉዳዩን ደብዳቤ ደግሞ ለንደን ኪው ካለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይጠይቃሉ።

ርስት ፍለጋ ከሆነ የሚሄዱት ይተዉት። ከነቢያት ጎዳና በሚገነጠለው በኢትዮጵያ መንገድና በአካባቢው እቴጌ ጣይቱን የመሰሉ ባለጠጎች ቤት አሠርተዋል፤ ያሠሩትም ኪራዩ ለገዳሙና ለመነኮሳቱ መተዳደሪያ እንዲሆን ነው። «አያቴ እዚያ ቤት ነበራቸው» የሚለው የቤተሰብ ወሬ እውነት ቢሆን እንኳ ለገዳም የተሰጠ ቤት ለልጅ ልጅ አይመለስም። በዚህ ሐሳብ የገዳሙን በር ማንኳኳት ሌላውን ጥያቄዎንም ያበላሽብዎታል።

ቦታውንም አስቀድመው ይለዩ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አስጀምረውት በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው ክቡ ቤተ ክርስቲያን ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ከአሮጌው ከተማ ውጭ ነው፤ ዴር ሡልጣን ደግሞ በጎልጎታ፣ በቅዱስ መቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ። ከ1948 እስከ 1967 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው በእስራኤል፣ ሁለተኛው በዮርዳኖስ እጅ ስለነበሩ የአንድ ማኅበር ሰዎች በሁለት አገር መንግሥት ሥር ኖረዋል። ከዚያ ዘመን የሆነ ነገር የሚፈልጉ ከሆነ አያትዎ በየትኛው ወገን እንደነበሩ ይጠይቁ። በጣም ወደ ኋላ ሄደው ከ1838 እ.ኤ.አ. በፊት የሚፈልጉ ደግሞ ተስፋዎን ቀነስ ያድርጉ፤ በዚያ ዓመት ወረርሽኝ የዴር ሡልጣንን መነኮሳት ፈጅቶ መጻሕፍታቸውም ተቃጥለዋል።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄዱ ቪዛ ያስፈልግዎታል። ከአጥቢያዎ ቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ይያዙ፤ የሚጠይቋቸውን ስሞችና ዘመኑን በአንድ ወረቀት ላይ በአማርኛ ጽፈው ያቅርቡ እንጂ አረጋዊ መነኩሴ ላይ ስልክ ደቅነው አይቅረጹ። በሰሙነ ሕማማት፣ በትንሣኤና በየካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ቀን ግን ይሳለሙ እንጂ ስለ መዝገብ አይጠይቁ፤ ለጥያቄዎ በዓሉ ካለፈ በኋላ ይመለሱ።