ከመኪና ወደ ሞተር ስትመለሱ ማወቅ ያለባችሁ



በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ ጉዳይ ነው፦ «ዶክተር፣ መኪናዬን ሸጬ ወደ ሞተር ልመለስ ነው። ድሮ እነዳ ነበር፤ ምን ልጠንቀቅ?»

ጥያቄው እኔንም ይመለከተኛል። አዲስ አበባ እያለሁ አሮጌ ቮልስ ነበረችኝ። ቮልስ የያዘ ሰው ያውቀዋል፤ እያረጀች ትወደዳለች፣ መለዋወጫዋም በቀላሉ አይገኝም። እሷን ሸጬ ማንቡክ ስመጣ ወጣት ሆኜ ወደነዳሁት ሞተር ተመለስኩ። ውድ የስፖርት መኪናም ይሁን ቮልስ ትታችሁ የምትመለሱ ሁሉ የሚገጥማችሁ ፈተና አንድ ነው።

«ሞተር ከለመዱት አይረሳም» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ሚዛን የመጠበቅ ችሎታ አንጎላችን ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። አደጋን ቀድሞ የማየትና ፍሬን በልኩ የመያዝ ልምድ ግን ካልተሠራበት ይደክማል። ስለዚህ ድፍረቱ በአንድ ቀን ይመለሳል፣ ብቃቱ ደግሞ ሳምንታት ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ አደጋ የሚፈጠረው በሁለቱ መካከል ነው።

1. የመኪና ልማድ ሞተር ላይ አይሠራም

✔ መኪና ላይ አንድ ፍሬን ትረግጣላችሁ፣ አለቀ። ሞተር ላይ የፊቱና የኋላው ለየብቻ ናቸው። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ስለሚሄድ ደረቅ አስፋልት ላይ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። ጠጠርና ጭቃ ላይ ግን የፊቱን ድንገት ከጨመቃችሁት ጎማው ይንሸራተትና ትወድቃላችሁ። ሁለቱንም በቀስታ፣ አስቀድማችሁ ያዙ።

✔ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ በየሰከንዱ 17 ሜትር ገደማ ትጓዛላችሁ። ላም መንገድ ስትገባ አይታችሁ ፍሬን እስክትይዙ 1.5 ሰከንድ ቢፈጅባችሁ 25 ሜትር አልቋል፤ ሞተሩ ገና መቆም አልጀመረም።

2. ሄልሜት

የዓረቢያው ሎውረንስ በመባል የሚታወቀው እንግሊዛዊ በዘመኑ እጅግ ውድ የነበረ ብራፍ ሱፔሪየር ሞተር ይነዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 ያለ ሄልሜት ሲነዳ ወድቆ ጭንቅላቱ ተጎዳ፣ ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሂዩ ኬርንስ ከዚያ በኋላ የሞተረኞችን የጭንቅላት ጉዳት ማጥናት ጀመረ። ውጤቱን በ1941 አሳተመ፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ሞተረኛ ወታደሮቹን ሄልሜት እንዲያደርጉ አስገደደ።

ዛሬ ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ሄልሜት የመሞት አደጋን በ42%፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69% ገደማ ይቀንሳል።

«ዶክተር፣ የማንቡክ ሙቀት እኮ አያስደርግም!» ትሉኛላችሁ። ሙቀቱ እውነት ነው። ግን ከማንቡክ ተነስቶ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ያለበት ቦታ መድረስ ረጅም መንገድ ነው። ሐኪሙ በራቀ ቁጥር ሄልሜቱ መቅረብ አለበት።

✔ ጭንቅላታችሁን ስትነቀንቁ የማይወዛወዝ ይሁን።
✔ የአገጭ ማሰሪያውን እሰሩ። ያልታሰረ ሄልሜት ገና መሬት ሳትነኩ ይወልቃል።
✔ አንድ ጊዜ ከባድ ምት ካገኘው ቀይሩት፤ ውስጡ ያለው ስፖንጅ መሰል ነገር ተጨፍልቋል።

3. ከመነሳታችሁ በፊት ራሳችሁን ፈትሹ

✔ ዕድሜያችሁ 40 ካለፈ ዓይናችሁን ተመርመሩ። በተለይ ማታ የመኪና መብራት የሚያንጸባርቅባችሁ ከሆነ አትዘግዩ።
✔ እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉ የአለርጂ መድኃኒቶችና እንደ ዳያዜፓም ያሉት ያደነዝዛሉ። ወስዳችሁ አትንዱ።
✔ ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የምትወስዱ የስኳር ታማሚዎች ምግብ ሳትበሉ አትነሱ፤ ስኳር ወይም ከረሜላ ኪሳችሁ ይኑር።
✔ የሚጥል በሽታ ካለባችሁ ሐኪማችሁ ሳይፈቅድ ሞተር ላይ አትውጡ።
✔ ወባ ይዟችሁ እየተንቀጠቀጣችሁ፣ ጠጥታችሁ ወይም በጫት ምክንያት ሌሊቱን ሳትተኙ አድራችሁ አትንዱ።

4. ከኋላ የሚቀመጠውስ?

ነጠላና ሻርፕ የኋላ ጎማ ውስጥ ከገባ አንገት ሊያንቅ ወይም ሰው ጎትቶ ሊጥል ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት ይታሰር። የልጅ እግር ጎማ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ማርሚታ እግር ካቃጠለ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ አቀዝቅዙት። የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቅቤ አትቀቡ!

5. አደጋ ከደረሰ

የአከርካሪ ጉዳት ምን እንደሚያሳጣ ከአበበ ቢቂላ ታሪክ እናውቃለን። በሮምና በቶኪዮ ማራቶን ያሸነፈው ጀግና እ.ኤ.አ. በ1969 በቮልስ መኪናው በደረሰበት አደጋ እግሮቹን ማዘዝ አልቻለም፤ እስከ ሞተበት 1973 ድረስ አልተራመደም። እሱ መኪና ውስጥ ነበር። ሞተረኛን የሚከልል ቆርቆሮ እንኳ የለም።

✔ የወደቀውን ሰው ጎትታችሁ አታስነሱ፣ ሌላ ሞተር ላይ አስቀምጣችሁ አትውሰዱ። አንገቱን ሳታንቀሳቅሱ ለብዙ ሰው ሆናችሁ በጠፍጣፋ ነገር ላይ አንሱት።
✔ መተንፈስ ካልከለከለው በስተቀር ሄልሜቱን አታውልቁ።
✔ የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ።

ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ተነስቶ «ምንም አልሆንኩም» ቢል እንኳ አትመኑ። አንጎልና ራስ ቅል መካከል የሚፈስ ደም ሰዓታት ቆይቶ ሊያጠቃ ይችላል። ማስታወክ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ያልተለመደ እንቅልፍ፣ የንግግር መወላገድ፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ የሚወጣ ውኃ መሰል ፈሳሽ ካያችሁ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል!

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የእኔ ምክር ይህ ነው፦ መጀመሪያ ባዶ ሜዳ ላይ ፍሬን መያዝና መዞር ተለማመዱ። ከዚያ በቀን፣ ብቻችሁን፣ በሚያውቁት መንገድ ንዱ። ሰው መጫን፣ ማታ መንዳትና የክረምት ጭቃ መጨረሻ ይምጡ። ድሮ ጎበዝ የነበራችሁም ቢሆን እንደ ጀማሪ ጀምሩ።

ሞተር ለሚነዳ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ። ጤና ሁኑ!