አንድ ዘንግ ወይስ ሁለት? ሥዕል በዲዛይንና በግንባታ ሥራ ውስጥ

የዚህ እትም የጥናት ዓምዳችን በተለይ የአርክቴክቸርና የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎችን ይመለከታል፤ ሌሎቻችሁም ብታነቡት አትከስሩም። ብዙዎቻችን ፕላን፣ ስኬች ወይም ዲቴይል ሲባል ያለቀ ሐሳብ በወረቀት ላይ የሰፈረበት ይመስለናል። በሥራው ዓለም ግን ሥዕል ከዚያ ያለፈ ጉልበት አለው። የትኛው ጥያቄ እንደተዘጋ፣ የትኛው ገና ክፍት እንደሆነ ባለሙያዎች የሚረዱት ከሥዕሉ ነው። በዚህ ላይ ሳይግባቡ ሲቀሩ ምን እንደሚከተል በአንድ የታወቀ አደጋ እንመልከት።

ጁላይ 17 ቀን 1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ካንሳስ ሲቲ በሚገኘው ሃያት ሪጀንሲ ሆቴል ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። ሆቴሉ ከተከፈተ ገና አንድ ዓመት ገደማ ነው። ከአዳራሹ በላይ፣ ከጣሪያው በብረት ዘንጎች ተንጠልጥለው፣ አንዱ ከሌላው በላይ የተሠሩ ሁለት የእግረኛ መሸጋገሪያዎች ነበሩ። የዚያን ዕለት ምሽት ሁለቱም ተደርምሰው ሰው ላይ ወደቁ። 114 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ።

በመጀመሪያው ሥዕል ላይ እያንዳንዱ ዘንግ ከጣሪያ ተነሥቶ፣ የላይኛውን መሸጋገሪያ ቢም ሰንጥቆ፣ እስከ ታችኛው የሚወርድ አንድ ረጅም ብረት ነበር። ከእያንዳንዱ ቢም ሥር ዳዶ ይገባል። ብረቱን የሚያመርተው ድርጅት ግን እውነተኛ ችግር ታየው። የላይኛው ዳዶ ከታች ተሽከርክሮ እዚያ እንዲደርስ የዘንጉ ረጅም ክፍል ጥርስ ሊወጣለት ነው፤ ጥርሱ ደግሞ ብረቱ ሲነሣ ይበላሻል። ስለዚህ ዘንጉ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ከጣሪያ እስከ ላይኛው ቢም፣ ሌላው ከላይኛው ቢም እስከ ታችኛው።

በወረቀት ላይ ልዩነቱ ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም። ቀጥ ያለ መስመር አንድ ቦታ ላይ ተቆርጦ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሏል፤ በቃ።

አሁን ሥዕሉን ትተን ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ እናስብ። ከጣሪያ በወረደ አንድ ገመድ ላይ፣ ለየብቻቸው በተቋጠረ ቋጠሮ ብናንጠለጥላቸው እያንዳንዱ ቋጠሮ 20 ኪሎ ይሸከማል። ታችኛውን ጀሪካን ከገመዱ ፈትተን ከላይኛው ጀሪካን ላይ ብናስረውስ? ጣሪያው የሚሸከመው ያው 40 ኪሎ ነው። የላይኛው ቋጠሮ ግን አሁን 40 ኪሎ ተጫነበት። ጠቅላላ ድምሩን ብቻ ያየ ሰው ምንም አልተለወጠም ይላል። ካንሳስ ሲቲ ላይም የላይኛው ቢም ዳዶ የሚሸከመው ጭነት እጥፍ ሆነ። ቢሙ ሁለት የ«ሲ» ቅርጽ ያላቸው ብረቶች ፊት ለፊት ተበይደው የተሠራ ሣጥን ነበር፤ ቀዳዳው የተበሳውም ብየዳው ላይ ነው። በመጨረሻ ዳዶው ብረቱን ቀድዶ ወጣ።

ምርመራውን ያካሄደው የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ሌላም ነገር አገኘ። የመጀመሪያው ባለ አንድ ዘንግ ንድፍ ራሱ የከተማው ሕግ ከሚጠይቀው ጭነት 60 በመቶ ያህሉን ብቻ የሚችል ነበር። የተሠራው ደግሞ 30 በመቶ ያህሉን። በሌላ አነጋገር ያቺን ማያያዣ ከመጀመሪያውም በአግባቡ ያሰላት ሰው አልነበረም። መሐንዲሶቹ የማያያዣው ዝርዝር የአምራቹ ሥራ ነው አሉ፤ አምራቹ ደግሞ ከእነርሱ የመጣለትን ስኬች ተሰልቶ ያለቀ አድርጎ ወሰደው። ለውጡ በስልክ ጸድቋል፣ አልጸደቀም የሚል ክርክርም ተነሣ። የማያከራክረው ባለ ሁለት ዘንጉ የፋብሪካ ሥዕል (በእኛም ሳይት «ሾፕ ድሮዊንግ» የሚባለው) የመሐንዲሶቹ የግምገማ ማኅተም ያረፈበት መሆኑ ነው። ኃላፊ የነበሩት መሐንዲሶች በሚዙሪ የሥራ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። ማኅተም አማና ነው፤ «አይቼዋለሁ» የሚል ቃል ነው።

ይህን ስንል ሥዕል ሁሉን ነገር መናገር አለበት ማለታችን አይደለም። በሰሜን ምዕራብ ኢራን ተኽት ሱለይማን በተባለ ስፍራ በቁፋሮ የተገኘ፣ ጎኑ ግማሽ ሜትር ገደማ የሆነ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የጂፕሰም ሰሌዳ አለ። በላዩ የተቀረጸው የሙቀርነስ ንድፍ ነው፤ በመስጂድ መግቢያዎች ላይ የምናየው፣ እንደ ማር እንጀራ ተደራርቦ የሚወርደው ጌጥ ማለት ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው ከላይ የታየ ጠፍጣፋ መስመር ብቻ ነው፤ ከፍታ የለውም። ከጠፍጣፋ መስመር ከፍታን ማንበብ የግንበኛው ሙያ ነበር። የጎደለው ነገር በማን እጅ እንዳለ ከታወቀ መጉደሉ አይጎዳም። ካንሳስ ሲቲ ላይ የጎደለውን እያንዳንዱ ወገን በሌላው እጅ ያለ መሰለው።

በኮምፒውተር የምንሠራው ሥዕል ይህን አደጋ የሚያባብሰው ይመስለናል። በእርሳስ የተሞነጫጨረ ስኬች «ገና ነኝ» ይላል፤ መምህሩም ጓደኛም እርሳስ አንሥቶ ይጨምርበታል። መስመሩ የጠራ፣ ቀለሙ ያማረ ሥዕል ስክሪን ላይ ሲወጣ ግን እናደንቀዋለን እንጂ ማን አሰላው ብለን አንጠይቅም። በኢንተርንሺፕ ላይ ያላችሁ ዲቴይል ሲደርሳችሁ ማያያዣውን ማን እንዳሰላው አማካሪ መሐንዲሱን ጠይቁ፤ በቀይ እስክሪብቶም ሥዕሉ ላይ ጻፉት።

ለልምምድ ያህል ሁለቱንም የዘንግ አሠራሮች በእጃችሁ ሣሉ። እያንዳንዱ መሸጋገሪያ በአንድ ዘንግ ላይ የሚያሳርፈውን ጭነት «ጭ» ብላችሁ፣ ከእያንዳንዱ ዳዶ አጠገብ የሚሸከመውን ጻፉ። ከዚያ ሦስተኛ መሸጋገሪያ ከታች ጨምሩና እንደገና አስሉ።