ሰባት የስዋሂሊ ቃላት፦ ስለ መሪነትና ስለ መልካም ጠባይ

በዛሬው የትምህርት ዓምዳችን ስለ መሪነትና ስለ ጠባይ እንማራለን። ለትምህርታችን መነሻ የሚሆነን ብዙዎቻችሁ በምትሠሩበት ወጥ ቤት በየቀኑ የምትሰሙት ቋንቋ ነው፤ እርሱም ኪስዋሂሊ ነው።

በዚህ በፊሪጅ ቢን ማሕሙድ አንዱን ፎቅ ብንወስድ በአንዱ ቤት ኢትዮጵያዊት፣ በሌላው ኬንያዊት፣ በሦስተኛው ሁለቱም አብረው ይሠራሉ። (አዲስ የመጡ እኅቶች ሰፈሩ “ፊሪጅ” ሲባል ሰምተው ምግብ ማቀዝቀዣው እየመሰላቸው ይስቃሉ። በዚህ አገር ዐረብኛ ፊሪጅ ማለት ሰፈር ማለት ነው።) ሁለቱ ሴቶች አንድ ክፍል ያድራሉ፣ አንድ ድስት ያጥባሉ፤ የሚነጋገሩት ግን በተሰባበረ ዐረብኛ ነው። ቋንቋ ሲያጥር ጥርጣሬ ይረዝማል። “ንቃኛለች”፣ “ለማዳም ነገር አደረሰችብኝ” መባባል ይመጣል። ከዚህም የባሰው አዲስ የመጣችው ልጅ በሁለቱ መካከል ስትጎዳ ነው።

መሪ ሲባል ብዙዎቻችን ወንበርና ማኅተም ያለውን ሰው እናስባለን። ነገር ግን በአንድ ቤት ውስጥ ቀድማ የመጣች፣ ሥራውን ያወቀች፣ ቋንቋውን የለመደች እኅት ወደደችም ጠላችም መሪ ናት። ጥያቄው ወዴት ትመራለች የሚለው ነው።

ኪስዋሂሊ ለእኛ ባዕድ አይደለም

ዩኔስኮ እንደሚገምተው ኪስዋሂሊን ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይናገሩታል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2004 አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ የሞዛምቢኩ ፕሬዚዳንት ጆአኪም ቺሳኖ በኪስዋሂሊ ንግግር አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ደግሞ እዚያው አዲስ አበባ ላይ ኅብረቱ ኪስዋሂሊን የሥራ ቋንቋው አደረገው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2021 ጁላይ 7 ቀን የዓለም የኪስዋሂሊ ቀን እንዲሆን ወስኗል። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 30 መሆኑ ነው።

ከቃላቱም ብዙዎቹ ዘመዶቻችን ናቸው። እነርሱ ዳሙ የሚሉትን እኛ ደም እንላለን፤ ናፍሲ ነፍስ፣ ማላይካ መልአክ፣ ሄሳቡ ሒሳብ፣ ማስኪኒ ምስኪን ነው። የኪስዋሂሊ ሥር ከባንቱ ቋንቋዎች ወገን ቢሆንም በባሕር ንግድ ምክንያት ከዐረብኛ ብዙ ቃል ወስዷል፤ አማርኛም ከዐረብኛ ጋር በሴም ቤተሰብነት ይገናኛል። የሰዓት አቆጣጠራቸውም እንደ እኛ ነው። ዓለም “ጠዋት 8” የሚለውን እነርሱ “ሳአ ምቢሊ” ይላሉ፤ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ከኬንያዊት እኅት ጋር ቀጠሮ ስትይዙ ይህን አስታውሷት፤ ፈገግ ትላለች፤ ወዳጅነትም ከዚያ ይጀምራል። እንግዲህ ወደ ሰባቱ ቃላት እንግባ።

1. ኡቱ

ምቱ ማለት ሰው፣ ዋቱ ማለት ሰዎች፣ ኡቱ ማለት ደግሞ ሰው መሆን ነው። እኛም አንዱን ስናመሰግን “እርሱ እኮ ሰው ነው” እንላለን። እጅና እግር እንዳለው ለመናገር ሳይሆን ርኅራኄና ይሉኝታ እንዳለው ለመመስከር ነው። ኡቱ ይህንኑ ይናገራል። “ምቱ ኒ ዋቱ” የሚልም ምሳሌ አላቸው፤ ሰው ማለት ሰዎች ናቸው ለማለት ነው። የእኛ አባቶች “ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው” ያሉትን ያስታውሰናል።

ኡቱን ኮንትራት አይሰጥም፣ የአሠሪ ቁጣም አይወስድም። የመሪነት መጀመሪያ ራስን እንደ ሰው መቁጠር ነው፤ ሁለተኛው ሌላውን እንደ ሰው መቁጠር ነው። አብራችሁ የምትሠራውን እኅት “ያቺ ኬንያዊት” ከማለት በስሟ መጥራት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ኡቱ ግን የሚታየው በእንዲህ ያለው ትንሽ ነገር ነው።

2. ፖሌ

አንድ ሰው ሲደናቀፍ፣ ሲታመም፣ ሐዘን ሲደርስበት ወይም ሥራ ሲበዛበት የስዋሂሊ ተናጋሪ “ፖሌ” ይለዋል። ጥፋተኛ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሕመሙን ስለ ተካፈለ ነው። እኛ “አይዞሽ” ወይም “እኔን!” የምንለው ዓይነት ነው።

እንበልና አዲስ የመጣች የ22 ዓመት ልጅ የባለቤቱን ሸሚዝ በካውያ አቃጠለች። ቀድማ የመጣችው እኅት ሁለት መንገድ አላት። አንደኛው እየሮጡ ሄዶ ለማዳም ተናግሮ መወደድ ነው። ሁለተኛው “ፖሌ” ብሎ፣ ራሷ ሄዳ እውነቱን እንድትናገር አበርትቶ፣ ከዚያ የካውያውን ሙቀት ማስተካከል ማስተማር ነው። የመጀመሪያዋ ለአንድ ቀን ትወደዳለች። ሁለተኛዋ ለሁለት ዓመት አጋር ታገኛለች።

3. አዳቡ

ይህን ቃል አማርኛም ያውቀዋል፤ አደብ ነው። እነርሱ ሥርዓት ያጣውን ልጅ “አዳቡህን ያዝ” ይሉታል፤ እኛ “አደብ ግዛ” እንላለን። በአማርኛ መግዛት ሁለት ትርጉም አለው፦ ዋጋ ከፍሎ መውሰድና ማስተዳደር። አደብ ሁለቱንም ይፈልጋል። ዋጋ ያስከፍላል፤ ስትሰደቡ አለመሳደብ፣ የሰው ምሥጢር ሰምቶ አለማውጣት ቀላል አይደለም። ማስተዳደርም ነው፤ ምላስንና ቁጣን የማትገዛ ሴት ሌላውን ልትመራ አትችልም።

አደብ ግን ፍርሃት አይደለም። የሚፈራ ሰው ዝም የሚለው እንዳይመታ ነው። አደብ ያለው ሰው ዝም የሚለው የሚናገርበትን ጊዜና ቃል ለመምረጥ ነው። ስለዚህ ቀጥሎ ያለውን ቃል ከዚህ ለይታችሁ አታንብቡት።

4. ሃኪ

ሃኪ መብትና ፍትሕ ነው። በእኛም ሐቅ አለ፤ “የሰው ሐቅ አትብላ” እንላለን። ሐቅን ለመጠየቅ ግን መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል። የኳታር የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ማለትም የ2017 ሕግ ቁጥር 15፣ የሚከተሉትን ደንግጓል፦

ሀ. ሌላ ስምምነት ካልተደረገ በቀር የሥራ ሰዓት በቀን ከ10 እንዳይበልጥ፤ የምግብ፣ የዕረፍትና የጸሎት ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም።
ለ. በሳምንት ከ24 ተከታታይ ሰዓት ያላነሰ ደመወዝ የሚከፈልበት የዕረፍት ቀን።
ሐ. በየዓመቱ የ3 ሳምንት ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ።
መ. ሥራ ሲያበቃ ለአገለገሉበት ለእያንዳንዱ ዓመት ከ3 ሳምንት ደመወዝ ያላነሰ ክፍያ።

ከዚህ ሌላ ከመጋቢት 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የ2020 ሕግ ቁጥር 17 ዝቅተኛውን የወር ደመወዝ 1000 ሪያል አድርጎታል፤ አሠሪው ተስማሚ መኖሪያና ምግብ ካላቀረበ ደግሞ ለመኖሪያ 500፣ ለምግብ 300 ሪያል ይጨምራል። ይህ ለቤት ሠራተኞችም ይሠራል።

ሕግ በወረቀት መኖሩና በቤት መፈጸሙ ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆነ ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም ቀድማ የመጣች እኅት አዲሷን “ለአዲስ ሰው ዕረፍት የለም” ብላ ስታሳምን ሐቋን የበላው አሠሪ ብቻ አይደለም። መሪ የሆነች እኅት ቁጥሩን በትክክል ትነግራታለች፣ ደመወዝ የተቀበለችበትን ቀን በደብተር እንድትጽፍ ትመክራታለች። አደብ ያለ ሐቅ ጭቅጭቅ ይሆናል፤ ሐቅ የሌለበት አደብም መረገጥ ይሆናል። ሁለቱን በአንድነት የያዘች ግን በረጋ ድምፅ “ይህ ድርሻዬ ነው” ማለት ትችላለች።

5. ሃራምቤ

ሃራምቤ ሸክም የሚጎትቱ ሠራተኞች ኃይላቸውን አንድ ለማድረግ የሚጠሩት ጥሪ ነው፤ “አንድ ላይ እንሳብ” እንደ ማለት። ኬንያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1963 ነፃ ስትወጣ ጆሞ ኬንያታ የአገሩ መፈክር አደረጉት፤ በኬንያ የመንግሥት አርማም ላይ ተጽፏል። በዚህ ስም ሕዝቡ ገንዘብና ጉልበት እያዋጣ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ሠርቷል።

እኛ ይህን በደቦ፣ በወንፈልና በጂጌ እናውቀዋለን። “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” እንላለን፤ እነርሱም “አንድ ጣት ቅማል አይገድልም” ይላሉ። የኬንያ ሴቶች ቻማ የሚሉት ማኅበር አላቸው፤ ከዕቁባችን ጋር ይመሳሰላል። ዕቁብ ደግሞ ትልቅ የመሪነት ትምህርት ቤት ነው። የዕቁብ ዳኛ ማንም በፖሊስ አስገድዶ የማይሾማት፣ በጠባይዋ ብቻ የምትታመን ሰው ናት። ገንዘቡን በሰዓቱ የምትሰበስብ፣ ዕጣውን በሰው ፊት የምታወጣ፣ እናቷ የታመመችባትን ቅድሚያ እንድታገኝ ሌሎችን የምታግባባ ሴት ከብዙ ባለሥልጣን የበለጠ መሪነትን ታውቃለች።

6. ኪኦንጎዚ

ኪኦንጎዚ መሪ ማለት ነው፤ መሪነት ደግሞ ኡኦንጎዚ ይባላል። ኦንጎዛ የሚለው ግሥ መምራት ሲሆን፣ ከዚያው ሥር የሚወጣው ኦንጎካ ደግሞ መቃናት፣ ወደ ቀናው መንገድ መግባት ነው። እንግዲህ ቃሉ ራሱ ያስተምረናል፤ መምራት ማለት ሌላውን ማቃናት ነው፤ ራሱ ያልቀናም አያቀናም። በአማርኛም መሪ የሚለው ቃል መንገድ የሚያሳየውን ይጠራል። ዐይነ ስውሩን የሚመራ ልጅ ከዐይነ ስውሩ በዕድሜ ያንሳል፤ ነገር ግን መሪው እርሱ ነው። መንገዱን ያየ ይመራል እንጂ የጮኸ አይመራም።

7. ምዋሊሙ

ምዋሊሙ መምህር ማለት ነው። ታንዛኒያውያን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንታቸውን ጁሊየስ ኔሬሬን እስከ ዛሬ የሚጠሯቸው በዚህ ስም ነው። ኔሬሬ እ.ኤ.አ. በ1922 ቡቲያማ በምትባል መንደር ተወለዱ፤ ወደ ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት አስተማሪ ነበሩ። ከመቶ በላይ ብሔረሰቦች ያሉባትን አገር ኪስዋሂሊን የጋራ ቋንቋ አድርገው አስተሳሰሩ፤ የሼክስፒርን ጁሊየስ ቄሳር ራሳቸው ወደ ኪስዋሂሊ ተርጉመዋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1963 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ከመሠረቱት መሪዎች አንዱ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ሐውልታቸው በአፍሪካ ኅብረት ግቢ ቆሞላቸዋል።

ሁሉም ሥራቸው የተሳካ አልነበረም። ገበሬውን በኡጃማ መንደሮች የማስፈር ዕቅዳቸው ብዙዎችን በግድ ከቀያቸው አፈናቅሏል፤ የአገሩንም ኢኮኖሚ ጎድቷል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1985 በፈቃዳቸው ከፕሬዚዳንትነት ወረዱ፤ ብዙ ሀብትም አላከማቹም። ሕዝቡ ከማዕረጎቻቸው ሁሉ መርጦ ያስቀረላቸው “ምዋሊሙ” የሚለውን ነው። መሪ የሚቀርለት ያስተማረው ነገር ነውና።

ለእናንተም እንዲሁ ነው። ኮንትራት ያልቃል፣ ቤቱን ለቅቃችሁ ወደ አገር ትመለሳላችሁ ወይም ወደ ሌላ ትሄዳላችሁ። ከኋላችሁ የሚቀረው ያስተማራችኋት ልጅ ናት። ደንግጣ በመጣች በመጀመሪያው ሳምንት የሰማችው ቃል “ፖሌ፣ አይዞሽ” ከሆነ እርሷም ለቀጣይዋ ያንኑ ትላለች። ስድብ ከሆነ ደግሞ ስድቡን ታወርሳለች።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በምትሠሩበት ቤት ወይም ፎቅ ከእናንተ በኋላ የመጣች ማን ናት? ከእናንተ እስካሁን ምን ተማረች?
2. ለአደብ ስትሉ ዝም ያላችሁበትንና ፈርታችሁ ዝም ያላችሁበትን ጊዜ ለይታችሁ ተነጋገሩ።
3. አንድ የስዋሂሊ ተናጋሪ እኅት ፈልጋችሁ ከሰባቱ ቃላት አንዱን እንድታስረዳችሁ ጠይቋት፤ በለውጡም አንድ የአማርኛ ቃል ስጧት። በሚቀጥለው ስንገናኝ የሰጣችኋትን ቃል ትነግሩናላችሁ።

ይቆየን።