በልደት በዓል ዕረፍት ስለሚነበብ መጽሐፍ

አንባቢ ሆይ፤ የልደት በዓል በቀረበ ጊዜ ቤቱ ሁሉ ይሰናዳል። ዶሮው ይገዛል፤ ዳቦው ይደፋል፤ ልብሱም ይታጠባል። ለበዓል ወደ ዘመዶቹ የሚሄደው ተማሪ ግን የሚያነበውን መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ሳያስብበት አንሥቶ ይሄዳል። ለማዕዱ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ለልቡ ምግብ ሳይመርጥ ቢቀር ነገሩ አያስገርምምን?

በብዙ ቤት የሚሆነውን አስተውል። ልጁ ከሩቅ ከተማ ይመጣል። እናቱ ወራት ሙሉ ስትጠብቀው ኖራለች። እርሱ ግን ከምሳ በኋላ ጥግ ይዞ ይቀመጥና መጽሐፉን ገልጦ ፊቱን ይሰውርባታል። እርስዋ ማንበብ አልተማረችምና ልጅዋ በሐሳቡ ወዴት እንደ ሄደ አታውቅም። ቡናውን አቅርባ ዝም ትላለች። በዓሉ ያልፋል፤ ልጁም ወደ ትምህርቱ ይመለሳል። መጽሐፉ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን በእናትና በልጅ መካከል እንደ ግድግዳ ቆመ።

እንግዲህ የበዓል መጽሐፍ ስትመርጥ ለሁለት ሰው ምረጥ፤ አንዱ አንተ ነህ፣ ሁለተኛው በአጠገብህ የሚቀመጠው ነው። ድምፅህን ከፍ አድርገህ ልታነብለት የማትችለውን መጽሐፍ ለሌላ ወራት አቆየው። እናት የሌለህ ብትሆን ዓይናቸው የደከመ ጎረቤት አታጣም። ለዚህም ምርጫ ሦስት ነገር ይረዳሃል።

1ኛ፤ መጽሐፉ በዕረፍትህ ልክ ይሁን። ታኅሣሥ 29 ቀን ብትጀምር እስከ ከተራ፣ ይኸውም እስከ ጥር 10 ቀን ድረስ፣ 12 ማታ ብቻ ታገኛለህ። ትልቅ መጽሐፍ ጀምሮ ከመካከል ከመተው ትንሹን መፈጸም ይሻላል። የሉቃስ ወንጌል 24 ምዕራፍ ነው። በየማታው 2 ምዕራፍ ብታነብ የልደቱን ነገር በመጀመሪያው ማታ፣ የጥምቀቱን ነገር በሁለተኛው ማታ ታገኛለህ፤ መጽሐፉንም በከተራ ማታ ትፈጽማለህ።

2ኛ፤ የሚሰማህ ሰው የሚያውቀው ኑሮ የሚገኝበት ይሁን። የአፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ብዙዎች «ጦቢያ» የሚሉት፣ በ1900 ዓመተ ምሕረት በሮማ ታተመ። በውስጡ በጦርነት የተማረከ አባት፣ ስለ እርሱ የሚንከራተቱ መንታ ልጆች፣ ለማያውቃቸውም ሰዎች ገንዘቡን የሚሰጥ ደግ ነጋዴ አሉ። ከዚያ ስትደርስ ጥቂት ቆም በልና፣ «እማዬ፣ እንዲህ ያለ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽን?» ብለህ ጠይቃት። እርስዋም ያየችውን መናገር ብትጀምር መጽሐፍህን ዝጋና ስማ፤ የእርስዋ ታሪክ በየትም ማተሚያ ቤት አልታተመምና።

3ኛ፤ በውጭ ቋንቋ ያለውን ብትመርጥ ለብቻህ አትብላው፤ በቀን አንብበህ በማታ በአማርኛ ተርክ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዲከንስ ስለ ገና የጻፈው ትንሽ መጽሐፍ በ1843 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሎንዶን ወጣ። ስክሩጅ የሚባል ስስታም ነጋዴ በልደት ዋዜማ ሌሊት ያለፈውን፣ ያለውንና የሚመጣውን ዘመኑን አይቶ ልቡ እንደ ተለወጠ ይናገራል። ጸሐፊው ድኽነትን በወሬ አላወቀውም፤ አባቱ በዕዳ ሲታሰር እርሱ በ12 ዓመቱ የጫማ ቀለም በሚሠራበት ቤት ተቀጥሮ ነበርና። ኋላም ይህንኑ መጽሐፍ በብዙ ሕዝብ ፊት ራሱ ያነብ ነበር። መጽሐፉ በ5 ክፍል ስለ ተከፈለ ለ5 ማታ ይበቃል።

ምናልባት፣ «እኔ የምወደው የጠለቀ ትምህርት ነው፤ በቤታችንም የሚያስተውለው የለም» ትል ይሆናል። ወዳጄ ሆይ፤ አንድን ነገር ላልተማረ ሰው ግልጥ አድርገህ መናገር ካልቻልህ፣ ራስህም ገና በሚገባ አላስተዋልኸው እንደ ሆነ መርምር። እናትህ የምትጠይቅህ ጥያቄ ከመምህርህ ፈተና ይልቅ የሚከብድበት ጊዜ አለ።

መጽሐፉን በፈጸምህ ጊዜ ስንት ገጽ አነበብሁ ብለህ አትቍጠር። ይልቁንስ፣ «ይህ ንባብ ከማን ጋር አቀራረበኝ? ማንንስ እንድጠይቅ አሳሰበኝ?» ብለህ ራስህን መርምር። የስክሩጅን መለወጥ አንብቦ ማዕዱ የጎደለበትን ጎረቤት ያላሰበ ሰው ፊደሉን ብቻ ቈጥሮአል።

ያቆየኸው መጽሐፍ በመደርደሪያው ላይ ዓመት ቢቀመጥ አይከፋውም፤ ስትመለስ ታገኘዋለህ። ቡናውን አቅርባ የምትጠብቅህ እናት ግን በየዓመቱ በዚያው ስፍራ ትቆይህ ዘንድ ማንም ተስፋ አልሰጠህም። ስለዚህ በዚህ ልደት መጽሐፍህን ይዘህ ከጥግ ተነሣ፤ በአጠገብዋም ተቀምጠህ አንብብላት።