ሉግ፤ በጁባ ወንዝ እቅፍ ውስጥ ያለችው የገበያ ከተማ

ከነገሌ ቦረና ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቆላ የሚወርድ ነጋዴ ገናሌን በግራው፥ ዳዋን በቀኙ እያደረገ ይጓዛል። ሁለቱ ወንዞች ዶሎ ላይ ሲገናኙ ስማቸው ተለውጦ ጁባ ይባላል። ጁባም ከዶሎ ዝቅ ብሎ እንደ ፈረስ ኮቴ ይታጠፍና አንዲትን ከተማ ከሞላ ጎደል ዙሪያዋን ከቦ ይይዛታል። ይህች ከተማ ሉግ ናት፤ ሶማሌዎች ሉቅ ይሏታል። ዛሬ በሶማሊያ ግዛት፥ በጌዶ ክፍል ትገኛለች። ይሁን እንጂ የቦረና ንግድ ለረጅም ዘመን የተመላለሰባት ደጃፍ ስለ ነበረች፥ የእኛ ነጋዴ ታሪኳን ቢያጠና ይጠቀማል።

የሉግ ውበት ለጎብኚ ሲሆን አረንጓዴው የወንዝ ዳር በደረቁ ምድር መካከል መታየቱ ነው። ለነጋዴ ግን ውበቷ ሌላ ነው። ከተማይቱን ከየብስ ጋር የሚያገናኛት ጠባብ የመሬት አንገት ብቻ ነው፤ በቀረው ወገን ሁሉ ውሃ አለ። ስለዚህ ዕቃውን ይዞ የገባ ሰው ጥበቃ የሚያሻው በአንድ በኩል ነው። ለግመሉ ውሃ አለው፤ ለራሱም እህል ከወንዙ ዳር እርሻ ያገኛል። ከዚህ የተሻለ የዕቃ ማሳደሪያ በዚያ ቆላ በቀላሉ አይገኝም።

ብዙ ሰው ሉግን ጀልባ ያሳደጋት ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በ1858 ዓ/ም ባሮን ካርል ፎን ዴር ዴከን የተባለ ጀርመናዊ አሳሽ በእንፋሎት መርከብ ጁባን ሽቅብ ሲወጣ፥ መርከቡ ከባርዴራ በላይ ባለው ፏፏቴያማ ስፍራ ተሰበረ፤ እርሱም ባርዴራ ላይ ተገደለ። ሉግ ከዚያ ስፍራ ገና በላይ ናት። ስለሆነም ንግዷ በግመል ጀርባ የቆመ ነበር። ግመል የሚሸከመው የተወሰነ ስለሆነ ረጅሙን መንገድ የሚችለው ከክብደቱ ይልቅ ዋጋው የበለጠ ዕቃ ነው። ከቦረና በኩል የዝሆን ጥርስና ቆዳ ይመጣል፤ ከባሕር ዳር ከተሞች፥ ከብራቫና ከሞቃዲሾ፥ ጨርቅና ልዩ ልዩ ሸቀጥ ይወጣል። በቦረናና በሉግ መካከል ከሚመላለሱት ዋነኞቹ የገሪ ጎሣ የግመል ነጋዴዎች ነበሩ። የቀንድ ከብት ግን በገዛ እግሩ የሚሄድ ዕቃ ነውና ሌላ ሂሳብ አለው፤ የሚጠይቀው ተሸካሚ ሳይሆን ሳርና የውሃ ጉድጓድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የ«አባን» ሥርዓት ነው። በሶማሌ ምድር የሚነግድ እንግዳ ከአገሬው አንድ አባን ይይዛል። አባኑ ያሳድረዋል፤ ስለ ደኅንነቱ በጎሣው ስም ይቆማል፤ ገዢና ሻጭ ያገናኛል፤ ውሉንም ይመሰክራል፤ ስለዚህ ሁሉ ድርሻውን ይቀበላል። በአንድ ሰው ላይ ደላላ፥ ዋስ፥ መጋዘንና መድን ተጣምረው ነበር ማለት ነው። አባኑ እንግዳውን ቢያስዘርፍ የሚጠፋው የእርሱ ብቻ ሳይሆን የጎሣው ስም ነው። የሉግ ሹሞችም የጋሳር ጉዳ ጎሣ ሰዎች ሲሆኑ፥ ነጋዴው በደኅና እንዲመለስ የሚሹበት በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ ገበያው ከተበተነ ገቢያቸው ይቀራልና።

የገበያው ዝና የውጭ መንግሥታትንም ዓይን ሳበ። በ1888 ዓ/ም ቪቶሪዮ ቦቴጎ የተባለው ኢጣሊያዊ በሉግ የጦር ሠፈር መሥርቶ ኡጎ ፌራንዲን አለቃ አድርጎ ተወው። ፌራንዲ ስለ ከተማይቱ በጻፈው መጽሐፍ ርእስ ላይ «የጁባ የንግድ ማዕከል» ብሎ ሰይሟታል። ግንቦት 8 ቀን 1900 ዓ/ም በኢትዮጵያና በኢጣሊያ መካከል በተፈረመው ውል ድንበሩ ከዶሎ እንዲነሣ ሲወሰን ሉግ በኢጣሊያ ወገን ቀረች፤ ኢጣሊያም ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት 3 ሚሊዮን ሊሬ ለመክፈል ተስማማች። ገንዘቡ አንድ ጊዜ የሚከፈል ነው፤ የገበያ ቀረጥ ግን በየዓመቱ የሚገባ ነበር። በዚህም የከብቱ ምድር ወዲህ፥ ገበያው ወዲያ ሆነው ተለያዩ። ነጋዴው መንገዱን አልተወም፤ አስቀድሞ ሕጋዊ የነበረው ጉዞ ግን ያለ ፈቃድ ከተደረገ ኮንትሮባንድ ተባለ።

በጥር 1928 ዓ/ም የግራዚያኒ ጦር ከዶሎ ተነሥቶ የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት እየገፋ ነገሌን በያዘ ጊዜም፥ መንገዱን የመራው ያው የወንዙ ሸለቆ ነበር።

አሁን የንግዱ ሸክም ያለው በዶሎ አዶ ነው። ከ2001 ዓ/ም ጀምሮ ከሶማሊያ ለመጡ ስደተኞች ቦቆልማንዮ፥ መልካዲዳ፥ ቆቤ፥ ሂለወይንና ቡራሚኖ የተባሉ አምስት ሠፈሮች በዚያ አውራጃ ተቋቁመዋል። ይህን ያህል ሕዝብ ዱቄት፥ ስኳር፥ ዘይትና ጨርቅ ይፈልጋል፤ የአዲስ አበባ አስመጪ ግን ዶሎን እስከ ዛሬ የመንገድ መጨረሻ አድርጎ ማየቱን አልተወም። በገናሌ ዳር በመስኖ በለማው መሬት ላይ ስደተኞችና የአገሩ ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ሆነው ሽንኩርት፥ በቆሎና ሐብሐብ ያመርታሉ። ሽንኩርት ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ ስለሆነ በዚያ ሙቀት ብዙ ቀን አይቆይም፤ ስለዚህ ወደዚያ ሸቀጥ አውርዶ ባዶውን የሚመለስ የጭነት መኪና ባለቤት ከማኅበራቱ ጋር አስቀድሞ ቢዋዋል የመልስ ጭነት ሊያገኝ ይችላል።